አሲዱ ብቻውን አይደለም

በጉና ተራራ አካባቢ፣ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስም ሆነ በጋይንትና በስማዳ፣ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያቃጥለዋል፣ ቃር ይለዋል፣ ጾም ሲረዝም ይብስበታል፣ አረቄ ሲቀምስ ይነሳበታል። ተልባ ይበጠበጥለታል፣ አብሽ ይነከርለታል፤ ካልተሻለው ኦሜፕራዞል ይገዛል። ጥፋተኛው ማን ነው ቢባል ሁሉም የሚጠራው አሲድን ነው። የሕክምናው ዓለምም ለረጅም ዘመን ከዚህ የራቀ መልስ አልነበረውም። ጨጓራ ሲቆጣ ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ከሽፋኑ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች መሆናቸውን፣ እነሱንም የሚጠብቁ ኢንዛይሞች በገዛ ሰውነታችን እንደሚሠሩ ለማወቅ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የመጀመሪያውን ጫፍ የያዘው ሰው ደግሞ ስለ ጨጓራ ጨርሶ አላሰበም።

ሰውየው ሉዊ ዣክ ቴናር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን አገኘ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ነርሶች ቁስል ሲያጥቡበት አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ይኸው ነው። ቴናር ፈሳሹ የእንስሳት ሥጋና ደም ሲነካ እንደሚንተከተክና ኦክስጅን እንደሚለቅ አየ። ሥጋው ውስጥ ይህን የሚያደርግ አንድ ነገር እንዳለ ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን ሳያውቅ ሞተ።

በ1822 ነገሩ ወደ ሆድ ቀረበ። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር፣ በማኪናክ ደሴት፣ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ የቆዳ ነጋዴዎች ተቀጣሪ በቅርብ ርቀት በተተኮሰ ጥይት ሆዱን ተመታ። የጦሩ ሐኪም ዊልያም ቦሞንት አከመው። ወጣቱ ዳነ፤ ቀዳዳው ግን አልደፈነም። ቦሞንት ለዓመታት በዚያ ቀዳዳ የሕያው ሰው ጨጓራ ሲሠራ ተመለከተ። ሥጋ በሐር ክር አስሮ አስገባ፣ አውጥቶም ምን ያህል እንደሟሟ አየ። በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ ዛሬም መነበብ አለበት እላለሁ፤ ሴንት ማርቲን ጠንካራ መጠጥ ካዘወተረ በኋላ የጨጓራው ሽፋን ይቀላ ነበር፣ ቦታ ቦታውን ይቆስል ነበር፣ ደምም ይወጣው ነበር። ሰውየው ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማውም። ሕመም የለኝም ማለት ጉዳት የለብኝም ማለት እንዳልሆነ በዓይን የታየው ያኔ ነው።

ሴንት ማርቲን በቆሰለበት ዓመት ደብረ ታቦር የየጁው የራስ ጉግሣ መቀመጫ ነበረች፤ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በእስቴና በጋይንት አድባራት ያሉ ደብተራዎች የሆድ ሕመም መድኃኒትን በብራና ይጽፉ፣ ሥር ይምሱ፣ ቅጠል ይቀጠቅጡ ነበር። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968ና በ1973 ያሳተማቸው ሁለት ቅጾች እንዲህ ያለው የኢትዮጵያ የመድኃኒት ጽሑፍ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያሉ። ደብተራው የሆድን ሥራ በቀዳዳ የማየት ዕድል አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር ከቦሞንት በስተቀር በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ያለው ሐኪም እምብዛም አይበልጠውም ነበር።

በ1853 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ የጨጓራ ቁስለት ምንጩ የደም ዝውውር መታወክ ነው የሚል አሳብ አቀረበ። የአንድ ቦታ ደም ሥር ሲዘጋ ሽፋኑ ይሞታል፣ የሞተውን ደግሞ አሲዱ ይበላዋል አለ። ዛሬ ሲታይ ለእውነቱ በጣም የቀረበ ነበር። ሊያስረዳ ያልቻለው ደም ሥሩን የሚጎዳው ምን እንደሆነ ነው። በ1910 ካርል ሽቫርትዝ አሲድ በሌለበት ቁስለት አይኖርም የሚለውን ሕግ ሲያወጣ የፊርኾ አሳብ ወደ ጓዳ ገባ። ቀጣዮቹ ሰባ ዓመታት የአሲድ ዘመን ሆኑ። ሐኪሞች ወተት አዘዙ፣ ነርቭ ቆረጡ፣ የጨጓራን ግማሽ አወጡ።

የቴናር አረፋ ግን አልተረሳም። በ1900 ኦስካር ሎቭ የተባለ ጀርመናዊ፣ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የትምባሆ ቅጠል ሲመረምር፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚበትነውን ኢንዛይም ለይቶ ካታሌዝ ብሎ ሰየመው። በ1937 ደግሞ በልጅነቱ በአደን አደጋ ግራ ክንዱን ያጣው ጄምስ ሰምነር ከአሌክሳንደር ዳውንስ ጋር ካታሌዝን ከበሬ ጉበት በጥሩ ክሪስታልነት አወጣው። መሐሉ ላይ ብረት ያለበት ፕሮቲን ነው፤ አንዷ ሞለኪዩል በሰከንድ ሚሊዮኖች የፐርኦክሳይድ ሞለኪዩሎችን ትበትናለች። ሰምነር በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በ1938 ማንና ኬይሊን የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከበሬ ደም ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ያለው የመዳብ ፕሮቲን አወጡ። ምን እንደሚሠራ ስላላወቁ የመዳብ ማስቀመጫ ይሆናል ተባለና መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።

1954 ለኛም ለተመራማሪዎቹም ትልቅ ዓመት ናት። በዚያ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማውጣት ጀመረ። እስከ ገጠሩ ጤና ጣቢያ ድረስ የዘለቀው አዲሱ ሕክምና መነሻው እዚያ ነው። በዚያው ዓመት አርጀንቲናዊቷ ረቤካ ጌርሽማን በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር፣ ኦክስጅን ሲበዛ የሚመርዘውና ጨረር የሚገድለው በአንድ መንገድ ነው፣ ሁለቱም ያልተረጋጉ ሞለኪዩሎችን እየፈጠሩ ነው ስትል ጻፈች። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ያጠፋናል ማለት ያኔ ለብዙዎች ቀልድ ይመስል ነበር።

ቀልዱ በ1969 ቆመ። በሰሜን ካሮላይና በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጆ ማኮርድ የተባለ ተማሪ በመምህሩ በኧርዊን ፍሪዶቪች ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ከወተት የሚገኝ አንድ ኢንዛይም ሱፐሮክሳይድ ያመነጫል። ሱፐሮክሳይድ ማለት አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን የያዘ ኦክስጅን ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። ማኮርድ ንጹሕ ናቸው ያላቸውን ሌሎች ፕሮቲኖች ሲጨምር የሱፐሮክሳይዱ ሥራ ቀጥ ይላል። ፕሮቲኖቹ ንጹሕ አልነበሩም፤ ከእነሱ ጋር ተደባልቆ የመጣ ሌላ ነገር ሱፐሮክሳይዱን እየበላው ነበር። ያንን ከበሬ ደም አንጥሮ ሲያወጣው ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ማንና ኬይሊን መደርደሪያ ላይ የተዉት የመዳብ ፕሮቲን ነው። ሥራውም መዳብ ማስቀመጥ ሳይሆን ሱፐሮክሳይድን ወደ ፐርኦክሳይድና ኦክስጅን መለወጥ ነው። ስሙ ሱፐሮክሳይድ ዲስሙቴዝ ተባለ።

እዚህ ላይ ሰንሰለቱ ተገጣጠመ። ሱፐሮክሳይድን ዲስሙቴዝ ወደ ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል፣ ፐርኦክሳይዱን ካታሌዝ ወደ ውሃ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ቢሠራና ሁለተኛው ቢሰንፍ አደጋው አይቀርም፤ ፐርኦክሳይድ ብረት ሲያገኝ ሃይድሮክሲል ወደሚባለው፣ ከሁሉም ወደሚከፋው ቅንጣት ይለወጣል። ደም በፈሰሰበት ቦታ ደግሞ ብረት ሞልቷል። ለዚህ ሦስተኛ ጠባቂ አለ፤ ጎርደን ሚልስ በ1957 ያገኘው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ። በ1973 ይህ ኢንዛይም ያለ ሴሊኒየም እንደማይሠራ ታወቀ። ዲስሙቴዝ መዳብና ዚንክ ወይም ማንጋኒዝ፣ ካታሌዝ ብረት፣ ሦስተኛው ሴሊኒየም ይፈልጋል። ሁሉም ማዕድን ናቸው፤ ሁሉም ከአፈር በእህል በኩል የሚመጡ ናቸው።

ታዲያ ሱፐሮክሳይዱ ከየት ይመጣል? በዚያው በ1973 በርናርድ ባቢዮር መልሱን ሰጠ። ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲገጥማቸው ራሳቸው ሆን ብለው ያመነጩታል። መሣሪያቸው ነው። ችግሩ መሣሪያው ወዳጅና ጠላት አለመለየቱ ነው፤ ሌባ ለመያዝ ብሎ ጎጆውን እንደሚያቃጥል ሰው ናቸው። ማኮርድ በ1974 ዲስሙቴዝ የመገጣጠሚያን ፈሳሽ ከዚህ ቃጠሎ እንደሚጠብቅ አሳየ። በ1982 ደግሞ ስዊድናዊው ስቴፋን ማርክሉንድ ከሕዋስ ውጭ የሚገኝ ሌላ ዓይነት ዲስሙቴዝ አገኘ። ይህኛው በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ግድግዳውን ሲይዝ የሚረጨውን ሱፐሮክሳይድ እዚያው ይቀበለዋል።

አሁን ጨጓራ ተራዋን አገኘች። በ1979 አንድሬ ሮበርት አልኮል ወደ አይጦች ጨጓራ ሲገባ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር በጥቂቱ በመስጠት ማስቀረት እንደሚቻል አሳየ። መጠኑ አሲድን ለመቀነስ የማይበቃ ነበር። ከአሲድ ሌላ የሚጠበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ጆን ቬን በ1971 አስፕሪን የሰውነትን ፕሮስታግላንዲን እንደሚያቆም ደርሶበት ስለነበር፣ የራስ ምታት ክኒን ጨጓራ የሚልጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ ጋር ተያያዘ። የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ግልጽ ያደረገው ሻንዶር ሳቦ ነው። በ1981 ሦስተኛው ጠባቂ ለሚሠራበት ለግሉታታዮን ቅርብ የሆኑ የሰልፈር ውሁዶች ጨጓራን ከአልኮል እንደሚከላከሉ ጻፈ። በ1985 ደግሞ ሰማያዊ ቀለም በአይጦች ደም ውስጥ ከትቶ፣ ወደ ጨጓራቸው ንጹሕ አልኮል አፍስሶ አየ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊው ቀለም ከሽፋኑ ሥር ባሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ታየ፤ ግድግዳው ተሸንቁሯል፣ ፈሳሽ እየዘለቀ ነው። በዓይን የሚታየው ደም የሚያፈስ ቁስል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቀደመው የደም ሥሩ ጉዳት ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ላስረዳ። ጨጓራ ራሷን ከራሷ አሲድ የምትጠብቀው በደሟ ነው። ደሙ አሲድ የሚያመክን ባይካርቦኔት ያመጣል፣ ዘልቆ የገባውን አሲድ ጠርጎ ይወስዳል፣ ለሚሞቱት ሕዋሳት ምትክ የሚያስበቅለውን ምግብ ያቀርባል። ደም ሥሩ ሲሸነቆር ደሙ ይወፍራል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። ያኔ ነው አሲዱ የሚሠለጥነው። ፊርኾ በ1853 ያለው ይኸው ነበር።

በዚያው በ1985 በሎስ አንጀለስ ኢቶና ጉት የተባሉ ተመራማሪዎች የኢንዛይሙን ሥራ በቀጥታ ፈተኑ። ከአይጦች ደም ቀድተው ግፊቱን አወረዱ፣ ከዚያ ደሙን መለሱላቸው። ጨጓራቸው ክፉኛ የቆሰለው ደሙ ሲመለስ ነው፤ ኦክስጅን ሲመጣ ሱፐሮክሳይድም ይመጣልና። አስቀድመው ዲስሙቴዝ የተወጉት ግን ጉዳታቸው እጅግ ቀነሰ። በ1990 በካናዳ ዋላስና ባልደረቦቹ ሌላውን ጎን አሳዩ፤ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው በቀነሰ አይጦች ላይ እንደ አስፕሪን ያለ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ብዙ ቁስል ማድረስ አቃተው። በዚያው ዓመት በአላባማ ጆሴፍ ቤክማንና ባልደረቦቹ ሱፐሮክሳይድ የደም ሥርን የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እየነጠቀ ወደ ሌላ መርዝ እንደሚለውጠው ጻፉ። እንግዲህ ዲስሙቴዝ ሲደክም ደም ሥሩ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ይቃጠላል፣ ይጠብባልም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በ1979 ፐርዝ ላይ ሮቢን ዋረን በተቆጣ ጨጓራ ናሙና ላይ ጠማማ ባክቴሪያ አየ። ባሪ ማርሻል በ1982 በላቦራቶሪ አበቀለው፣ በ1984 ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራው ተቆጣ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ጨጓራ ደም ሥሮች የሚጠራው ዋናው እሱ ሆኖ ተገኘ። የሚያስገርመው ባክቴሪያው የራሱ ዲስሙቴዝና የራሱ ካታሌዝ አለው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ሲለየው አንዱ መንገድ ፐርኦክሳይድ ጠብ ማድረግ ነው፤ የቴናር አረፋ ወዲያው ይነሳል። ነጭ ሕዋሳቱ የሚረጩበትን ቃጠሎ እሱ ይችለዋል፣ የምንቃጠለው እኛ ነን። ሁለቱ አውስትራሊያውያን በ2005 ኖቤል ተሸለሙ።

ዜናው ኢትዮጵያም ደረሰ። ጎንደር የተወለዱት የውስጥ ደዌ ሐኪም ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ፣ በጉበት በሽታ ምርምራቸው የሚታወቁት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 በኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ላይ ስለ ባክቴሪያውና ቁስለት ሳይኖር ስለሚከሰተው የጨጓራ ሕመም ጻፉ። በአብዛኞቹ ታካሚዎቻቸው ባክቴሪያውም የሽፋኑ ብግነትም አብረው ነበሩ። በ2006 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመራማሪዎች 215 የጨጓራ ሕመምተኞችን ደም መርምረው 85.6 በመቶ የሚሆኑት ለባክቴሪያው የተጋለጡ መሆናቸውን አስታወቁ። ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ ለሚመጣ ሰው ቁጥሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በ2007 ደግሞ የባክቴሪያውን ዘር የመረመሩ ሳይንቲስቶች በኔቸር መጽሔት ላይ ያልተጠበቀ ነገር አወጡ። ባክቴሪያው ከሰው ጋር ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰራጨው ከ58 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የጨጓራ ሕመማችንም ከኛው ሰፈር ነው የወጣው። በ2019 የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በአገሪቱ የተሠሩ ምርመራዎችን አሰባስቦ ከተመረመሩት 52.2 በመቶው ባክቴሪያውን እንደያዙ ገመተ።

ከ2019 በኋላ ያለው ምዕራፍ የእርሻ ነው። በ2021 በዚያው በኔቸር ላይ የወጣ ጥናት በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ማሳዎች የተሰበሰበ ጤፍ፣ ስንዴና ሌላ እህል ሲመረመር በውስጡ ያለው ሴሊኒየም፣ ዚንክና ብረት ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳየ። ምክንያቱ አፈሩና አካባቢው ነው። ሁለት ገበሬዎች አንድ ዓይነት ጤፍ እየበሉ አንደኛው ለግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዙ የሚበቃውን ሴሊኒየም ሊያገኝ፣ ሌላኛው ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። የጨጓራን ጤና ከማሳ ጋር የሚያያይዝ ሥራ ከጤና ባለሙያው ባልተናነሰ የግብርና ባለሙያውን ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን በገበያ ላይ በስሕተት ይነገራል። «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዱቄትና ክኒን የጨጓራን ኢንዛይም ይጨምራል እየተባለ ይሸጣል። ዲስሙቴዝም ካታሌዝም ፕሮቲን ናቸው። ተራ ፕሮቲን ሲዋጥ ጨጓራ ምን እንደሚያደርገው ቦሞንት በሐር ክሩ አይቶታል፤ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። በአይጦቹ ላይ የሠራው በመርፌ በደም የገባው ነው። ኢንዛይሙን ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፤ የኛ ድርሻ ማዕድኑን በምግብ ማቅረብና ያለውን አለማድከም ነው።

የሚያደክመው በእጃችን ነው። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ዳገም አረቄ በአይጦቹ ላይ የታየውን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለወገብና ለጉልበት ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚወሰድ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ደም ሥሩን ከሚጠብቁት አንዱን፣ ፕሮስታግላንዲንን፣ ይነጥቃል። ኦሜፕራዞሉም ቢሆን አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ባክቴሪያውን ብቻውን አይገድልም፤ ምርመራ አድርጎ ባክቴሪያው የተገኘበት ሰው የታዘዙለትን ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ቀኑ ሳይጎድል መጨረስ አለበት፤ ተሻለኝ ብሎ መሐል ላይ ማቆም ባክቴሪያውን መድኃኒት ማስለመድ ነው። እና የእስቴ፣ የጋይንት፣ የስማዳ አንባቢ ሆይ፤ ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰህ ደም ሥሩ ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላልና ተልባ አትበጥብጥ፣ ነገ ይሻለኛል ብለህም አትደር፤ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያህ ወዳለው ሆስፒታል ሂድ።